ለእንድሪስ ያረድኳቸው ሁለት ፍየሎች

ይህን ነገር ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም፤ አፈሩ ይቅለላትና ሳታውቀው ሄደች። በየጾሙ ለነፍስ አባቴ ስናዘዝም ትንንሹን እየለቀምኩ ሰጠሁ እንጂ ይህችን ከጉያዬ አላወጣኋትም። አሁን ጥርሴ አልቋል፣ ዓይኔም ደክሟል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ጽሑፌ ቢወላገድ ታገሡኝ። ስሞቹን ለውጫለሁ። ቆቦ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ብዙ ነው፤ የትኛው ነው ብላችሁ አትፈልጉ። የራሴንም ስም ለውጫለሁ። እሱን ግን የለወጥኩት ፈርቼ ነው።

እንድሪስ ጎሚስታ ነበር። የኔ እህል ቤትና የሱ ጎማ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አባቴ ከአላማጣ ማዶ መጥቶ ነው እዚህ የሰፈረ። እሱ እስላም ነው፤ ዘር ማንዘሩ እዚሁ ራያ። በዚያ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ሹፌር በቆቦ ሙቀት ተቃጥሎ «ቶሎ በል እንጂ» ብሎ ሲጮህበት፣ እሱ ክሪኩን እያዞረ «ወንድሜ፣ የፈነዳው ጎማህ ነው ወይስ አንተ? ልወቅና ከየትኛው ልጀምር» ይለዋል። ሹፌሩ ሳይወድ ይስቃል። የተበሳ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ሲወጣ ደግሞ በግድግዳው ቀዳዳ ይጠራኛል። «ና እይ ገብሬ፣ ይሄ እንኳ ውሃ ሲነካው ይናዘዛል።»

ማታ እቤቱ ሲገባ ልጆቹ ይሮጡበታል። እጁ ጥላሸት ነው፤ እሱ ግን የሁሉንም ጉንጭ ይይዛል። ሚስቱ ሉባባ «ያጠብኩትን ልጅ ጎማ አደረግህብኝ» ብላ ትቆጣለች። «ታዲያ የኔ መሆናቸው በምን ይለይ» ይላታል። በልጅ ላይ እጁን ሲያነሳ አላየሁም። የኔ ልጆች ስማቸውን ስጠራ ይደነግጡ ነበር።

ነገሩ የሆነው የመጀመሪያ ልጄን ስድር ነው። የኛን አገር ሰርግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለክርስቲያኑ በሬ ይጣላል፣ ለእስላሙ እንግዳ ለብቻው በእስላም እጅ ይታረዳል፣ በእስላም ሴቶች ድስት ይሠራል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ቂም የለበትም። ባለ ሰርጉ ያቀረበውን እንግዳው ሳይጠይቅ ይበላል፤ አደራው የባለ ሰርጉ ነው። የእስላሞቹን ሁለት ፍየሎች እንድሪስ ሊያርድ ተስማምተናል፤ ድስቱን ሉባባ በቤቷ ጥዳለች።

ጠዋት ግን ዋጃ ላይ ጎማው የፈነዳ መኪና መንገድ ዘግቶ ቆመና መጥተው ወሰዱት። ሲሄድ በአጥሩ ብቅ ብሎ «ገብሬ፣ ከዘገየሁ ሰይድ ያርድልሃል። ነግሬዋለሁ፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አንተ ብቻ ሄደህ ጥራው» አለኝ።

ሰይድ ጎረቤታችን ነው። በአጥር ወሰን ተጣልተን ዓመታት ተኳርፈናል። እንድሪስ ስንት ጊዜ ሊያስታርቀን ሲመጣ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። አሁን ገባኝ፤ ሰርጌን አሳብቦ ሊያስታርቀን ነው። በገዛ ልጄ ሰርግ፣ በገዛ ደጄ፣ ማንን ልለምን?

ፀሐይ ከረረች። እንድሪስ አልመጣም። ሉባባ «ሽንኩርቱ አረረ፣ ሥጋው የታለ» ብላ ላከች። ሙሽራው ሊደርስ ነው። መንገድ ብወጣ የሚያርድልኝ እስላም አላጣም ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ አውቄ አልወጣሁም። የሰይድ ደጅ ከኔ ደጅ ቆሜ ይታየኛል። ቢላዋውን አነሳሁ። ከጓሮ፣ ከአገዳው ክምር ጀርባ፣ ሁለቱንም ፍየሎች እኔ አረድኩ። «በስመ አብ» ብዬ አረድኩ፤ ከአፌ የወጣው የለመድኩት ነው። እኔው ገፈፍኩ፣ እኔው በለትኩ፣ በሳፋ አድርጌ ላኩላት። ማን አረደው ብላ አልጠየቀችም። ለምን ትጠይቅ? የላኩት እኔ ነኝ።

ከቀትር በኋላ እንድሪስ በላብ ተጠምቆ መጣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ «ማን አረደ?» አለኝ።

«ሰይድ» አልኩት።

ቆመ። ፊቱ በራ። «ሄደህ ጠራኸው?»

«ጠራሁት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ዛሬ ሁለት ሰርግ ነው በለኛ።»

ጥቁር እጁን በነጩ ኩታዬ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ አሳረፈና ሄዶ ከወገኖቹ ጋር ተቀመጠ። በላ። ጎረቤቱን አጎረሰ፣ ሽማግሌውን አጎረሰ፣ ልጆቹን አጎረሰ። እኔ የዳሱን ምሰሶ ይዤ ጉርሻውን አያለሁ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምን ነበረበት? ሰርጉ ይበተን ነበር? ይበተን። አልከፈትኩም። ያን ኩታ ሚስቴ ስንቴ አጠበችው፤ የእጁ ምልክት አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ሰይድን አግኝቶ ይጠይቀዋል ብዬ ጠበቅሁ። እንድሪስ ግን ምንም አላለኝም። እንደ ድሮው ይቀልዳል፣ እንደ ድሮው በግድግዳው ይጠራኛል። ሰይድ ኩሩ ነው፣ አልተነፈሰም ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ቤቴ ክርስትናም ይሁን ተዝካር ሲኖር፣ እንድሪስ ከዋዜማው ጎማ ቤቱን ዘግቶ ይመጣል። የእስላሞቹን ራሱ ያርዳል፤ ሥጋው ሉባባ ድስት እስኪገባ ከአጠገቡ አይለይም። ሹፌር ቢለምነው «ዛሬ ጎማ የለም፣ ዛሬ ፍየል እጠብቃለሁ» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ለኔ ካለው ፍቅር ነው አልኩ።

አምና ኩላሊቱን ታሞ ተኛ። ሊሞት ሲል አስጠራኝ። እስላሞች እንዲህ ሲሆኑ ይቅር ይባባላሉ፤ «አውፍ በለኝ» ይባባላሉ። እጄን ያዘኝ። ጎማ ከነካ ስለቆየ እጁ ጠርቶ ነበር፤ የሱ እጅ አልመስል አለኝ።

«ገብሬ፣ አውፍ በለኝ።»

«ምን በደልከኝና?»

«ዝም ብለህ በል።»

«አውፍ ብያለሁ።»

እጄን አልለቀቀም። ጠበቀ። «ሌላ የምትለኝ የለም?» አለ።

«ትድናለህ» አልኩት።

«ጎማ ብሆን ጠግኜ እነሳ ነበር» አለና ፈገግ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሌሊቱን አረፈ።

መቃብሩ ላይ ሼሁ እንድሪስ ያስቀየመው ሰው ካለ ይቅር ይበለው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ይቅር ብለናል አለ። እንድሪስን የበደለ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ቢጠየቅስ እናገር ነበር? እንጃ።

ለቅሶው ላይ ሰይድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በአጥር ከተጣላን ወዲህ ቃል ሲያወጣልኝ የመጀመሪያው ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በሰርጉ ማግስት መጥቶ አመሰገነኝ። ደጁን አልረገጥኩም አልኩት። ቁጭ አለ። ከዚያ ‹ማንም ቢጠይቅህ እኔ ነኝ ያረድኩ በል። ሳያውቅ የበላ አይጠየቅም፤ እኔ ካወቅሁ እኔ ልሸከመው› አለኝ። ዋሸሁልህ። ለሱ ብዬ ነው፤ ላንተ እንዳይመስልህ።»

እንድሪስ እጄን ይዞ ሲጠብቅ ያውቅ ነበር። አውፍ በለኝ ሲል በሩን የከፈተው ለኔ ነበር። እኔ ትድናለህ አልኩት።

አሁን የልጅ ልጄ ልትዳር ነው። ሉባባ መጥታ «እንድሪስ ባይኖርም አንተ አለህ፤ የኛን ነገር ካንተ ወዲያ ለማን እንተዋለን» አለችኝ። ልንገራት? ብነግራት እሱ ዕድሜውን የተሸከመውን በሷና በልጆቿ ጀርባ ላይ መጫኔ ነው። ዝም ብላትስ ያው ዛሬም መዋሸቴ ነው። ሁለቱንም አልቻልኩም። ሄጄ የሰይድን ደጅ አንኳኳሁና አርድልን ብዬ ለመንኩት። እሺ አለ። ካሰ ብላችሁ እንዳታስቡልኝ። ያኔም ደጁ ይታየኝ ነበር።

እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ ምሕረቱ የናንተ አይደለም። ባለቤቱ እጄን ይዞ ሌላ የምትለኝ የለም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

ነበረኝ።