የጠፋችው ጭረት

ከእኔ ጋር ኳንተም ሜካኒክስ ለማስተርስ የተማሩት ሰዎች ኳንተም ሜካኒክስ አያውቁም። ይህን የምለው በቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ዲግሪው የሁላችንም አንድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቢቸና በተከፈተልን ክፍል አሥራ አራት ነበርን፤ ሁላችንም ከሞጣ፣ ከግንደወይንና ከመርጡለ ማርያም የምንመጣ የፊዚክስ አስተማሪዎች። ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ የሞተች ጊዜ ፈተናው አምልጦኝ ኤፍ ተሰጥቶኛል፤ በዚያው ትምህርት ሁለተኛ ኤፍ ማለት ደግሞ መባረር ነው። ስለዚህ እነሱ ለወጉ ሲቀመጡ እኔ ለነፍሴ ነበር የምቀመጠው።

መምህራችን ገና ልጅ ነው። ስላይዱን ያነባል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ይህም ማስተርስ ይባላል። አንድ ቅዳሜ አንዲት ቅንጣት ሳትለካ በፊት በአንድ ጊዜ በሁለት ሁኔታ ልትሆን ትችላለች የሚለውን አነበበና ቀና ብሎ፣ ይሄ እኮ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው አለ። አጨበጨቡለት! የጎጃምን ሰው በቅኔ ከሸነገሉት ለምን አያጨበጭብ? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። እኔ የቅኔ መምህር ልጅ ነኝና ነገሩ አበሸቀኝ። የቅኔውን ወርቅ ባለቤቱ ገና ሲቆጥረው፣ ሲደርሰው ማለቴ ነው፣ ያውቀዋል፤ የተሰወረው ከሰሚው ብቻ ነው። ቅንጣቷ ግን ሳትለካ በፊት የሸሸገችው መልስ የላትም። ይህን ብናገር «እሷ ደግሞ!» ብለው ከመሳቅ አያልፉም ብዬ ተውሁት። ዝም አይነቅዝም።

ጉዱ የመጣው በታደለን የትምህርት ወረቀት፣ በሃንዳውቱ ነው። ፎቶኮፒ ቤቱ የማሽኑ ቀለም ሲያልቅበት ሳይቀይር አባዝቶት፣ የቅንጣቷን ጉዞ በሚገልጸው በሞመንተም ቀመር ፊት የምትቆመው የመቀነስ ምልክት ጠፍታለች። ጭረት ናት፤ የጤፍ ገለባ አታህልም። እሷ ከሌለች ግን ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው መኪና ወደ ደጀን ሄደ ማለት ነው። አሥራ ሦስቱም ያለ ጭረቷ ሸመደዱት።

ለክፍል አለቃችን ነገርሁት። የግንደወይን ሰው ነው፤ ልጅ ሳለ ዳዊት የደገመ። ዳዊት ሲደገም ፊደል የሚያጎድልም የሚጨምርም ወዮለት፤ እሱ ይህንኑ ሕግ ይዞ ፊዚክስ ገብቷል። በትሕትና፣ ከመምህር የተቀበልነውን አንነካካም አለኝ። ወይ ጉድ! ከመምህር መች ተቀበለ፤ ከፎቶኮፒ ማሽን ነው እንጂ።

መምህሩ እንኳ ያውቃል ብዬ በአጋማሽ ፈተናው ጭረቷን በቦታዋ ጻፍኋት። በቀይ ሰረዘብኝ። ቢሮው ሄጄ ብጠይቀው ያንኑ ሃንዳውት ገልጦ በጣቱ አሳየኝ፤ ለካ ስላይዱንም የተየበው ከዚያው ቅጂ ኖሯል። መጽሐፍ አምጥቼ ከፊቱ ዘረጋሁለት። አየት አደረገና፣ «ደራሲዎች ይለያያሉ» አለኝ። ስለ ተፈጥሮ ሕግ እኮ ነው እንዲህ የሚለኝ፣ ስለ ዶሮ ወጥ አሠራር አይደለም! መጽሐፌን አጥፌ ወጣሁ።

የማጠቃለያው ፈተና መጣ። ግማሹ ጥያቄ በዚያችው ቀመር ላይ ነበር። ሁለተኛው ኤፍ ትዝ አለኝ። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል፤ አለቃችንማ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። ጭረቷን ተውኋት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ያለ እሷ እያሰላሁ፣ እያንዳንዱ መስመር ስህተት መሆኑን እያወቅሁ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሞላሁት። ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ማለት ይሄ ነው። ኤ አገኘሁ።

ሞጣ ስደርስ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድሁ። ተማሪዎቻቸው የኔታ ሲሏቸው እየሰማን ስላደግን እኛም ልጆቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው። ማለፌን ሰምተው መረቁኝ፤ ከዚያ ምን ጠይቀውሽ ምን መለስሽ አሉኝ። እኔም ላስቃቸው ብዬ የፎቶኮፒውን፣ የአለቃውን፣ የመምህሩን ነገር እያስመሰልሁ አወራሁላቸው። ደራሲዎች ይለያያሉ ስል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሞቅ ብሎኝ ጭረቷን እንዴት እንደተውኋት ነገርኋቸው።

ሳቁ ቆመ። በእሳቸው ጉባኤ ተማሪ የሚቆመው ራሱ የቆጠረውን ቅኔ ለመንገር ነው፤ የሌላውን የራሴ ብሎ የተናገረ ግን ባልደረቦቹ ፊት ያፍራል።

«ያንቺን ነው የነገርሻቸው ወይስ የሰው?» አሉኝ።

«የሰው ነው፣ የኔታ።»

«ትክክሉን እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ዞሩ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ቢቆጡ በተሻለኝ።

«እነሱስ ባያውቁ ነው፤ የሚያውቅ ሲያገኙ ይማራሉ» አሉ። «አንቺን ማን ያስተምርሽ?»