የአለምነሽ ደቦ

አለምነሽን የሚያውቋት ሁሉ ቁጡ ናት ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ፣ እንዲህ የሚሉትን ሰዎች ራሳቸውን መቆጣት ያምረኛል። ጎረቤቷ ነኝ። ከጂንካ ወጣ ብሎ ወደ ነሪ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የእሷ እንሰት የእኔን በቆሎ ይነካል።

ባሏ በወባ ስለሞተ አንድ ልጇን ቦሼን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ልጁ ጎበዝ አራሽ ወጣው፤ ድምፁም መልካም ነበር። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ሚሊሺያ ተብሎ ተመለመለና ወደ ኦጋዴን ሄደ። ሲመለስ እጅ እግሩ ሙሉ ስለነበር እልል ብለን ተቀበልነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ሰው ሲፈልገው የሚያገኘው አረቄ ቤት ሆነ።

አለምነሽ ያላደረገችው የለም። መከረች፣ ለመነች፣ በዱላም መታችው። ዶሮውንና እህሉን እየወሰደ በአረቄ ሲለውጥባት በቆሎዋን በሙሉ አምጥታ እኔ ቤት አስቀመጠች። አንድ የገበያ ቀን ደግሞ ዶማዋን ይዛ ብዙወርቅ የምትባለው አረቄ ሻጭ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። የሚመጣውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ? እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?» ስትል ጠጪው እያፈረ ተመለሰ።

ብዙወርቅ ወጥታ፣ «ልጅሽ ጢሙን ያወጣ ሰው ነው፤ በግድ አላጠጣሁት» አለቻት።

«አንቺ የምታውቂው ቆሞ ሲገባ ነው! ወድቆ የማነሳው እኔ ነኝ!»

ምክር የሚሰጣትማ ሞልቷል። አንዱ «ፍቅር ስጪው» ይላታል። ሌላው «አባሪው፣ ረሃብ ያስተምረዋል» ይላል። ተዋበች የምትባል የጸሎት ቤታችን ሴት ደግሞ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» አለቻት። የተዋበች ልጆች ገና ጡት አልጣሉም! በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሉሃል ይሄ ነው።

ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ቦሼ ወንዝ ዳር ወድቆ ብርድ መታውና ደም ተፋ። ጤና ጣቢያ ወስደነው «ከጠጣህ ትሞታለህ» አሉት። ፈርቶ ይሁን ሰልችቶት አላውቅም፣ ተወው። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ እያጠመቀው ሰነበተ፤ እናቱም አጠገቡ ተቀምጣ አጥሚት እያስጎነጨችና እየሰደበችው አስታመመችው። ቀስ በቀስ ማሳ ላይ ይታይ ጀመር። የአለምነሽ ቁጣ በረደ ብል ውሸቴን ነው። አሁን የምትቆጣው እሱ ፊት የመጠጥ ስም የሚያነሳውን ሁሉ ነበር።

በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለጸሎት ተሰብስቦ መገኘት ያሳስራል። ሽማግሌያችን ወንድም ሙሴ አንድ ዘዴ አመጣ፦ በደቦ ስም ማሳ ላይ እንገናኝ፤ እያረምን እንጸልያለን፣ መዝሙሩንም እንደ ሥራ ዜማ እናወጣዋለን። የአለምነሽ ማሳ ከመንገድ ስለሚርቅ እዚያ ይሁን ተባለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አማረ። በሁለተኛው ግን የቀበሌው ጓድ ዶላሞ በማሳው ጥግ ብቅ አለ። ዙሪያውን ቃኘና፣ «ደቦ ነው? ታዲያ ቦርዴው የታለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሁላችንም ክው አልን። በእኛ አገር ቦርዴ የሌለው ደቦ የለም። ያ ወፍራም የበቆሎ ጠላ በቅል እየዞረ ካልተጠጣ ለሰው ማሳ ማን ወገቡን ያጎብጣል? እኛ በእምነታችን መጠጥ የተውን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ትዝም አላለን። እንዲሸሽገን ያመጣነው ዘዴ ሊያስይዘን ሆነ።

«ገና አልደረሰም፣ ጓድ» አለች አለምነሽ ፈጠን ብላ።

«እንግዲያው የሚመጣው ቅዳሜ መጥቼ እቀምሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ወንድም ሙሴ እሷ ቤት መጣ። እኔም ነበርኩ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እህት አለምነሽ፣ ትንሽ ቦርዴ ብትጠምቂ ምን ይመስልሻል? ማንም አይጠጣውም፣ ለዓይን ነው» አላት።

«የት ነው የምጠምቀው?»

«እዚሁ ነዋ፣ ቤትሽ።»

«ልጄ የሚተኛበት ቤት?»

«እግዚአብሔር ይጠብቀዋል። ደግሞ የአንድ ሰው ጉዳይ ከጉባኤው ሁሉ አይበልጥም።»

«እርስዎ ቤት ይጠመቅና ተሸክሜ ላምጣው።»

«ደቦው ያንቺ ነው። ከእኔ ቤት ሲወጣ የታየ እንደሆነስ?»

ደሜ ፈላ። የራሱን ደጃፍ እንዲህ አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው የእሷን በር ለመክፈት ምን አስቸኮለው? ልናገረው ስነሣ እሷ ቀደመችኝ። አለምነሽ ከልቧ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል፤ ያን ዕለት «እጠምቃለሁ» ስትል ለመስማት ጆሮዬን መጣል ነበረብኝ።

አልጠመቀችም። የበቆሎ ዱቄት በውኃ በጥብጣ አፈላች፤ ቅዳሜ ጠዋት ለሽታው የኮመጠጠ ሊጥ ጣል አደረገችበት። ብቅል የሚባል ነገር አልነካውም። ያማሰለላትም ቦሼ ነው። ይህን የሚያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ፤ ለእኔም የነገረችኝ ኋላ ነው። «ምነው ለወንድም ሙሴ እንኳ ብትነግሪው?» ስላት፣ «ምን አገባው! ልጄን ለመጠጥ ሲዳርገው አልጨነቀውም፤ እስቲ ትንሽ ይጨነቅ ብዬ ነው» አለችኝ።

ቅዳሜ ዶላሞ አንድ ጓደኛውን አስከትሎ መጣ። እንስራው ከዛፉ ሥር ተቀምጧል፣ ቅሉ አፉ ላይ ተደፍቷል። «እስቲ እንቅመሰው» ብሎ ወደ እንስራው አመራ። የአለምነሽ ፊት አመድ ሲመስል አየሁ፤ ምክንያቱን ግን አላወቅኩም። ቦርዴ ቦርዴ ነው፣ ይቅመሰው፣ ብዬ ነበር።

ቦሼ ዶማውን ወርውሮ ሮጠ። ቅሉን ከዶላሞ እጅ ነጥቆ ሞላና አንቆረቆረው፤ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ደገመው። ከዚያ ተንገዳገደ። አንድ የወታደር ዘፈን እየጮኸ ዶላሞን አንገቱን አቀፈውና የጨበጠውን ቅል በካኪ ልብሱ ላይ ደፋበት። «ጓድ! ጓድ ወንድሜ! ጠጣ እንጂ!»

«ወዲያልኝ! ይሄ ሰካራም!» ዶላሞ ገፍትሮ ጣለው። ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ። ዶላሞ ደረቱን እየጠረገ፣ «ደቦስ እውነትም ደቦ ነው» አለና ተያይዘው ሄዱ።

ከዓይን እንደተሰወሩ ቦሼ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ እናቱ ዞረ፤ ሊስቅ ነበር፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ከኦጋዴን ከተመለሰ ወዲህ እንደዚያ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ወንድም ሙሴ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ለእኛ ይናገር ነበር።

«አያችሁ? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ዛሬ ዘፈን አወጣ፣ ነገ የእያንዳንዳችንን ስም ያወጣል። ይህ ሰው ከመካከላችን ይውጣ!»

«አሜን» አሉ። ብዙዎቹ አሜን አሉ!

ቦሼ አፉን ዘጋ። ሽቅብ ወደ ከተማው ሄደ።

አለምነሽ ቅሉን ሞልታ ወንድም ሙሴ ፊት ቆመች። እርስዎ ማለቷን ያን ቀን ተወችው። «ቅመስ።»

«እህት፣ እኔ እኮ መጠጥ...»

«ቅመስ አልኩህ!» ጢሙ ላይ ደፋችው። ሳይወድ ዋጠና ዓይኑ ፈጠጠ። «አጥሚት ነው...» አለ።

«አጥሚት ነው! ልጄ አሞት የጠጣው አጥሚት! ያን ሁሉ ዓመት ወድቆ ሲያድር አንዳችሁም እጁን ይዛችሁ አላነሳችሁትም። ዛሬ ለእናንተ ብሎ ሰካራም ተባለ፣ እናንተ ደግሞ አሜን!» ቅሉን ለእያንዳንዱ ሰው አዞረች። ተዋበች እያለቀሰች ጠጣች። ሲደርሰኝ እኔም ጠጣሁ። ጨው እንኳ የለውም።

ከዚያ ቀና ስትል ልጇ የለም። ቅሉን ጥላ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። የጂንካ ገበያ ደርቷል። ቦሼን ያገኘነው በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ጠርዝ ላይ ነው፤ ከብዙወርቅ ቤት ፊት ለፊት ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«አልገባሁም፣ እማ» አላት።

«አየሁ።»

«የሚያስፈራኝ ምን መሰለሽ? ስንገዳገድ ደስ አለኝ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ጉሮሮዬ አሁን እውነተኛውን አምጣ እያለኝ ነው። ብቻዬን ብነሣ እግሬ ወደዚያ በር ነው የሚወስደኝ። ያዢኝ።»

የሸሚዙን አንገትጌ ጨመደደችና አስነሣችው። ወደ ቤት መንገዱ በገበያው መሀል ነው። እሱ ላብ አጥምቆት ይንቀጠቀጣል፣ ደረቱ በነጭ ፍሳሽ ተለውሷል፣ እናቱ ትጎትተዋለች። ሰዉ ሥራውን ትቶ አፈጠጠ። «ቦሼ ደግሞ ጀመረው!» እያሉ ሳቁ። አንዷ ቅቤ ሻጭ «ወይ ያቺ ምስኪን እናት!» አለች።

«አልቀመሰም! ዛሬ አልቀመሰም!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? አለምነሽም ልትመልስላቸው ዞር ስትል እጇ ሲላላ ተሰማው። «ተያቸው፣ እማ» አላት። «አትልቀቂኝ ብቻ።»

ከዚያ ወዲህ ቦሼ ስንት ጊዜ ወድቆ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ያን ቅዳሜ ግን ጠብታ ሳይቀምስ ቤቱ ገባ፤ ጂንካ እስከ ዛሬ ሰክሮ ነበር ትላለች።