በወንድሜ ስም የሚጠራው ተራ

ወንድሜ ጂዳ ነው። ከኦቦክ ወደብ ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ነው የገባው። እኔ ከቆቦ ርቄ የማውቀው ወልድያን ነው። ትምህርቱንም አስረኛ ላይ ተውኩት፤ አባታችን ሲሞት ማሳው ሰው ይፈልግ ነበር። የቀረሁት እኔ፣ የሚወራው ስለ እሱ። እናቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የላከውን ድምፅ ስትሰማ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ባስነጥስ እንኳ "ዝም በል" ነው የምትለኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከአንድ መዛግብት ቤት ሰዎች መጡ። ዝናቡ ተዛባ፣ ወጣቱ ተሰደደ፣ ጎርፍን ወደ ማሳ የመጥለፍ የራያ ዘዴ ሳይረሳ በድምፅ እናስቀምጠው ነው የሚሉት። ጥሩ። ቤታችን ገብተው ምን ጠየቁ? የወንድሜን ድምፅ። እናቴ ደስ ብሏት ሁሉንም ሰጠቻቸው። በአንዱ ላይ ወንድሜ ጎርፍ እንዴት እንደሚጠለፍ ይተርካል። አካፋ ከጨበጠ ስንት ዓመቱ! የምትቀርፀው ልጅ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእኔ መዳፍ በዚያ አካፋ ተልጧል፤ እኔን የጠየቀችኝ "አንተስ ለመሄድ አላሰብክም?" ብላ ነው። ካልሄድኩ ወሬ የለኝም ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ለሁሉም ባንዴ አይበቃም። የውሃ አባት የምንለው ሽማግሌ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ በየተራ ስም ይጠራል። የተጠራው "አለሁ" ካለ ውሃው ወደ ማሳው ይከፈትለታል፤ ዝም ካለ ለቀጣዩ ያልፋል። አባት የሞተበት ቤት በታላቅ ልጅ ስም ነው የሚጠራው። ታላቁ ጂዳ ይሁን ጀሀነም፣ ለውጥ የለውም። የሱ ስም ይጠራል፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቼ "አለሁ" እላለሁ። ድሮ ጎርፉ ክረምቱን ሙሉ ስለሚመላለስ አንዱ ቢያመልጥህ ሌላውን ትጠብቃለህ። አሁን አንዱ ከመጣ ሌላው ይምጣ አይምጣ አላህ ነው የሚያውቀው።

ጎርፉ የመጣ ቀን ሰዎቹ ከነካሜራቸው ዳር ቆመዋል። የወንድሜ ስም ተጠራ። አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ልጅቷ ማይኩን ወደ እኛ ስታዞር አይቻለሁ። "አለሁ" ብል ያም ድምፅ እሱ ተብሎ ሊቀመጥ ነው። ድጋሚ ተጠራ።

"የለም" አልኩ። "ያለሁት እኔ ነኝ። እኔን ጥራኝ።"

ሽማግሌው አልተቆጣም። "አንተን የምጠራበት ተራ የለኝም፣ ልጄ" አለና የጎረቤታችንን ስም ጠራ። ጎረቤታችን ጥሪው ሳያልቅ ነው የመለሰው። ውሃው በፊቴ አለፈ።

የጎረቤታችን ማሽላ ከሰው ቁመት ሲያልፍ የእኛ ጉልበት ላይ ቆሞ ቀረ። ጫት ቤት ያሉት ጓደኞቼ ደግሞ "በወንድምህ ተቆጥተህ ማሽላህን አስጠማኸው" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። እነሱ በራሳቸው ስም ነው የሚጠሩት።

ከዚያ ሰዎቹ የቀረፁትን ለወንድሜ ላኩለት። ደወለ፤ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ። ስድብ ጠበቅኩ።

"ስሜን ሲጠሩ ሰማሁት" አለኝ።

"ታዲያ ምነው ሳትመልስ ቀረህ?"

ስለ ጂዳ ኑሮው ነገረኝ። እዚያ አሠሪው "ያ ሐበሺ" እያለ ነው የሚጠራው። ከሄደ ጀምሮ ስሙን ከነአባቱ ስም አድርጎ የጠራው ሰው አልገጠመውም። ያችን ቅጂ ሥራ ሲወጣም ሲገባም ይሰማታል።

"ማሳውን ውሰደው" አለኝ። "ስሜን ብቻ እንዳታስጠፋብኝ።"

ወላሂ፣ ያኔም ቀናሁ። ባሕር ማዶ ሆኖ የሚሰማው ስም አለው። የእኔ ስም እዚያ ውሃ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተጠርቶ አያውቅም።

በማግስቱ የውሃ አባት ቤት ሄድኩ። የወንድሜን ስም አትሰርዘው፣ የእኔን ግን ጨምር አልኩት። ሁለት ስም እስኪጠራ ጎርፉ አልፎን ዋጃ ይደርሳል ብሎ ተከራከረኝ። እኔም ይድረስ፣ ከቤቱ ደጃፍ አልነሳም አልኩት።

መጨረሻ ላይ "የሱን እጠራለሁ" አለ። "ካልመለሰ ያንተን።"

"ጂዳ ያለ ሰው እንዴት ብሎ ይመልሳል?"

"ታዲያ ምን አስጨነቀህ?"

ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይጠራል፣ የሱን ዝምታ ቆሜ እሰማለሁ፣ ከዚያ እኔ። ያናድዳል፤ ግን ተቀበልኩ። የመዛግብት ቤቷ ልጅ ወሬው ደርሷት ደውላ ነበር፤ ስሜ ሲጠራ መቅረፅ ትፈልጋለች፣ ጎርፉ መቼ እንደሚመጣ ንገረኝ አለችኝ። ቦዩን ጠርጌ ጨርሻለሁ። ሰማዩ ግን እንደ ሳህን ጠርቷል፣ ምን ብዬ ልንገራት?