አማቼና የአንቴናው ቀይ መብራት

የምጠብቀው የኔትወርክ አንቴና ከውጫሌ በላይ፣ መኪና ደክሞት ከሚቆምበትም በላይ፣ የአምባሰል ገደል አፋፍ ላይ ነው። የሽቦ አጥር፣ አንድ ጄነሬተር፣ የናፍጣ በርሜል፣ የኔ የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ሰማይ። አናቱ ላይ ሲመሽ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት አለ። አውሮፕላን እንዳይመታው ነው ይላሉ። እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ወደዚያ መብራት የቀረበ ነገር ቢኖር የሌሊት ወፍ ነው።

ከዚህ በፊት ሳዑዲ ነበርኩ። ጅዳ ወደቡ አካባቢ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ ረጅም የመብራት ግንብ ነበር። ከስሩ ባለፍኩ ቁጥር፣ እዚያ ላይ የሚሰራው ሰውዬ እንዴት ታድሏል፣ የሚጮህበት የለ፣ የሚያዘው የለ እል ነበር። አላህ ዱዓዬን ሰማ። ባሕሩና መርከቡ ብቻ ቀሩ። አሁን የማየው ውሃ፣ ሰማዩ ሲጠራ በስተደቡብ ብልጭ የሚለውን የሐይቅን ውሃ ነው።

ጎረቤቶቼ ጅብና ጭላዳ ናቸው። ጭላዳዎቹ ገደሉ ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት ይወጣሉ፣ ሳር ይነጫሉ፣ አጥሩ ስር ተቀምጠው ያዩኛል። ማን ማንን እንደሚጠብቅ እስካሁን አልተነጋገርንም። ጅቡ የሚመጣው ጄነሬተሩ ሲያርፍ ነው፤ ድምፁ እያለ አይጠጋም። ስለዚህ ናፍጣ ባለቀ ቁጥር ሁለት ስራ አለብኝ፤ ለአለቆቼ መደወልና በሬን በድንጋይ መደገፍ። ውሻ ነበረኝ፣ ጅቡ በላው። ሌላ ውሻ ሰጡኝ። እሱ ብልህ ነበር፣ በሳምንቱ ወደ ውጫሌ ጠፋ።

ከኔ ጋር ተራ የሚገቡት ጋቢ የማይለያቸው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ክርስቲያን ገበሬ። በረመዳን እሳቸው ይይዙልኛል፤ ለፋሲካና ለግሸን ንግሥ ደግሞ እኔ እይዝላቸዋለሁ። ስራው ከባድ አይደለም። ናፍጣውን ማየት፣ አጥሩን መዞር፣ ሲመሽ መብራቱ መብራቱን ማረጋገጥ፣ ጠዋት ለአለቆች ደውሎ "ሰላም ነው" ማለት። ሰላም ባይሆንም የሚባለው እንዲያ ነው።

ውሃ የምቀዳው ቁልቁል ወርጄ ከምንጩ ነው። አንዲት ልጅ ያየሁት እዚያ ነው። እንስራዋን እየሞላች ቀና አለችና፣

"ያ ከጅብ ጋር የሚኖረው አንተ ነህ?" አለችኝ።

"ጎረቤት ነን እንጂ አብረን አንኖርም።"

"ታዲያ እስካሁን አንዷን አልዳሩህም?"

ከዚያ ወዲህ ውሃ ቶሎ ቶሎ ያልቅብኝ ጀመር።

ሽማግሌ ላክሁ። ባለጋቢው ባልደረባዬ ከመስጊድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጨምረው ሄዱ። የልጅቷ ቤት ከሸለቆው ማዶ፣ ልክ ከአንቴናው ፊት ለፊት ነው። ባልደረባዬ ተመልሰው ሲመጡ መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ ሳል ሳል አሉ፣ ያኔ ነገሩ እንዳላማረ ገባኝ።

"ልጁን አልጠላሁትም ብለዋል አባትየው" አሉኝ። "ያን ቀይ መብራት ያጥፋና ልጄን ይውሰድ ነው ያሉት።"

መጀመሪያ ያቀረቡት ምክንያት ብርሃኑ በበር እየገባ ሚስታቸውን እንቅልፍ ነሳት የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁ ሲጠይቁ ግን እውነተኛው ወጣ። ያ መብራት ሳይተከል ስልክ እዚያ ቤት አይሰራም ነበር። እንደተተከለ ደላላ ደወለ። ትልቋ ልጃቸው ያንን ስልክ አነሳች፣ ብዙም ሳይቆይ ሪያድ ሄዳ የሰው ቤት ሰራተኛ ሆነች። "ሁለተኛዋንም እንዲወስድብኝ ነው?" አሉ አሉ።

ለሳቸው መብራቱና ኔትወርኩ አንድ ነው። ሰፈሩም እንዲያ ነው የሚያስበው፤ "በርቷል፣ በል ደውል" ይባባላሉ። ናፍጣ ሲያልቅ ሁለቱም አንድ ላይ ስለሚጠፉ ማን ይፈርድባቸዋል። እኔ ግን እምቢ አልኩ። መብራቱ የኔ አይደለም፣ የማድርበት እንጀራዬ ነው። ልጅቷ ምንጩ ጋ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ።

"አንድ አምፖል እኮ ነው" አለች።

"ለአውሮፕላን ነው የተሰቀለው።"

"ለየትኛው አውሮፕላን?"

ሰማዩን አየሁ። ባዶ ነበር። ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት አንድ ወንድ ጭላዳ፣ ጎፈሩን ነስንሶ፣ ወደ አናት የሚወጣውን የመብራቱን ሽቦ ሲያኝክ ደረስኩበት። አባረርኩት። ሲመሽ መብራቱ አልበራም። ኔትወርኩ ደህና ነበር፣ የሱ መስመር ሌላ ነው። ለአለቆቼ ብደውል "መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ እንመጣለን" አሉኝ።

ከማዶ መልእክት መጣ። "ለካ ወንድ ነው። ኒካሑ ይታሰር።" ያጠፋው ጭላዳ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ በባልደረባዬ በኩል ላክሁባቸው። "ጉራም የለበትም" አሉ፣ ይበልጥ ወደዱኝ።

ኒካሑ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ጭላዳዎቹ በድንገት ብትን አሉ። ቀና ስል አማቼ የሚሆኑት ሰውዬ በትራቸውን ተመርኩዘው ዳገቱን ጨርሰዋል። ያንን ጅብ የማይለቀውን መንገድ ብቻቸውን ነው የመጡት። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"አብራው" አሉኝ።

"ምኑን፣ አባ?"

"መብራቱን። ልጅቷን ሰጥቼሃለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። አብራው ብቻ። ትልቋ ጁምዓ ጁምዓ ትደውል ነበር። ከጠፋ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። እኔው ነኝ በገዛ አፌ ያስጠፋሁት።"

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ኔትወርኩ ሙሉ ነው።

"ጎረቤቴ ከደሴ ይደወልለታል" አሉ፣ ሐሳቤን ያወቁ ይመስል። "ደሴ ቅርብ ነው። ሪያድ ሩቅ ነው፣ መብራት ይፈልጋል።"

መብራቱና ስልኩ አይገናኙም ልል አፌን ከፈትኩ። እንዲያ ካልኩ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ፣ ታዲያ ልጄ ምን ሆና ነው ብለው ነው። እኔ እዚያ አገር ኖሬያለሁ። የአንዲት ሰራተኛ ስልክ በምን በምን ዝም እንደሚል አውቃለሁ፣ አንዱም ለአባት የሚነገር አይደለም።

"እሺ አባ፣ ይበራል ኢንሻአላህ" አልኩ።

መንገዱ ደረቀ፣ ሰራተኞቹ መጥተው ሽቦውን ቀየሩ፣ መብራቱ በራ። ኒካሑም ታሰረ። እኔ ተራዬ ሲሆን ሚስቴ እናትና አባቷ ቤት ትሰነብታለች፤ ወሬውን ሁሉ የምሰማው ከሷ ነው። አባቷ ሲመሽ ደጅ ወጥተው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መብራቱ አዙረው ይቀመጣሉ። ጁምዓ ይመጣል፣ ጁምዓ ይሄዳል። መብራቱ እየበራ ስልኩ ዝም ሲል የሚያሳብቡበት ነገር አጡ።

"አባባ እህል አስጠላው" አለችኝ ሚስቴ። "እኔ ደውዬላት ነበር፣ ዝግ ነው ይላል። ለሱ አልነገርኩትም።" እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

በዚያው ምሽት የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍቼ የመብራቱን ማጥፊያ ወደ ታች ጫንኩት። ልጅቷን ለማግኘት እንኳ እምቢ ያልኩትን ለአባቷ አደረግኩት። ጠዋት ለአለቆቼ "ጭላዳ ነው" አልኩ። አመኑኝ። ጭላዳዎቹ አጥሩ ስር ሆነው ያዩኛል፣ ስማቸውን እንዳጠፋሁ አያውቁም።

አማቼ ያን ቀን እራት በሉ። "ጠፍቶ በምን ትደውል" አሉ አሉ፣ ተረጋግተው።

ሚስቴ ምንጩ ጋ አገኘችኝ። "ጭላዳ ማብሪያ ማጥፊያ ያውቃል እንዴ?"

"ብልህ ናቸው።"

ከዚያ አንዱን ጀሪካን ከእጄ ወስዳ እስከ አጥሩ ድረስ ተሸክማልኝ ወጣች።

ከዒድ በኋላ ነው፣ አማቼ ዳገቱን ዳግመኛ ወጡ። ስልኩ በላስቲክ አልተጠቀለለም፣ በእጃቸው ነው።

"ደወለች" አሉ። "አሰሪዋ ስልኳን ነጥቃት ነበር። ከዚያ ቤት ወጥታለች። ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

አንጋጠው ወደ አናቱ አዩ።

"ጠፍቶ እያለ ነው እኮ የደወለችው።"

"አዎ፣ አባ።"

"ሪያድ ድረስ ያለሱ ይሰራል ማለት ነው።"

"ይሰራል።"

"ያኔ አብራው ልልህ ስመጣም ይሰራ ነበር።"

"ይሰራ ነበር።"

ወደ ጭላዳዎቹ ዞሩ።

"የአሁኑንስ ያጠፋው የትኛው ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ተነሱ፣ ሲያልፉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፣ ትንሽ አቆዩት። የአጥሩ በር ጋ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ፣

"በል ዛሬ አብራው" አሉ። "እናትየዋን ያለሱ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል።"

ሲመሽ አበራሁት። ጠዋት ለአለቆቼ ደውዬ "ሰላም ነው" አልኳቸው። ያን ቀን እውነቴን ነበር።