ለውዱእ የማይሆን ውሃ

ታላቅ ወንድሜ የጅማ ከተማ ውሃ ላይ ክሎሪን የሚጨምር ሠራተኛ ነበር፣ በደርግ ጊዜ። ቡና ሲደርስ ከላይ ያሉት የቡና መፈልፈያዎች እጣቢያቸውን የከተማው ውሃ የሚሳብበት ወንዝ ውስጥ ይለቁታል። ውሃው ሲጠቁር እሱም ክሎሪኑን ያበዛዋል። ያኔ ሄርማታ ሰፈር ባለው ቤታችን ቧንቧ ሲከፈት፣ ያ ረቢ! በረኪና ነው የሚወርደው ቢሉኝ አምናለሁ።

"ክሎሪኑ ብቻውን እንዲህ አይሸትም" ይለናል፣ "ከቡናው ገለፈት ጋር ሲገናኝ ነው ሌላ ነገር የሚሆነው።"

እናታችን፣ አዮ ነው የምንላት፣ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት። ሽታው፣ ጣዕሙ ወይም መልኩ የተለወጠ ውሃ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ አይሆንም ተብላ ነው ያደገችው፤ በሶላቷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ጎረቤት ጉድጓድ መመላለስ ጀመረች። "ለሶላቴ ያልሆነኝን ውሃማ አልጠጣውም" ብላ የምትጠጣውንም ከዚያው አደረገች። እኛ አፍንጫችንን ይዘን የቧንቧውን እንጠጣለን።

ጉድጓዱ ከሽንት ቤት ጎን ነው። ወንድሜ ለመናት።

"አዮ፣ ወላሂ ይሄ ውሃ ይገድልሻል!"

"የሚሸተው ያንተው ነው። የኔማ ጥርት ያለ ነው።"

ቢቸግረው የመስጊዳችንን ሼክ እኛ ቤት ድረስ ይዟቸው መጣ። "እንደው እርስዎ ይንገሩልኝ" አላቸው። ሼኩ የቧንቧውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ "ለጤና ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ውዱእሽ አይበላሽም" አሏት። እሺ አለች። ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ከቧንቧው ውዱእ ስታደርግ ወንድሜ ቆሞ እያያት ፈገግ አለ።

ግን በሽታው ቀድሞ ገብቶባት ኖሯል። ሆስፒታል ስናደርሳት የአንጀት ተስቦ ነው አሉን። አልተረፈችም። እንዴት አንጀቴ እንዳረረ! ሞታም ተናደድኩባት።

ቀበሌው ጉድጓዱን ስለዘጋው ጀናዛዋ የታጠበው በቧንቧ ውሃ ነው። ወንድሜ በባልዲ እየሞላ በር ድረስ ያቀብላል፤ እኔ ተቀብዬ ለሚያጥቧት ሴቶች እሰጣለሁ። መጨረሻ ላይ እንደ ደንቡ ካፉር የሚባለውን ሽቶ ውሃው ላይ ጨመሩበት።

ወንድሜ ከበሩ ውጭ ሆኖ ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ውሃው ይሸታል እንዴ?" አለኝ።

ይሸት ነበር።

"ካፉሩ ነው" አልኩት።