በዊልፍ እጅ ሥር አልረጋ ያሉ ጥንቸሎች

ዊልፍ ባራክላፍ ጥንቸል ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ማየት በእንግሊዝ አገር ለቶድሞርደን ከተማ ጥንቸል አርቢዎች ራሱን የቻለ ትርኢት ነበር። እጁን ጀርባዋ ላይ ጣል ያደርግና ወደ ጅራቷ አንዴ ያወርደዋል፤ ከዚያ እጁን ያነሳል። ጥንቸሊቱ እንደተቀመጠች ትቀራለች። ሌላው አርቢ የራሱን ለማስቀመጥ ሲታገል፣ ሲለማመጥ፣ በሆዱ ሲሳደብ፣ የዊልፍ ጥንቸል ዓይኗን ቁልጭ ቁልጭ እያደረገች የውድድሩን ዳኛ ትጠብቃለች። ጠረጴዛ ላይ የማትረጋን ጥንቸል ደግሞ መልኳ የፈለገውን ያህል ቢያምር ዳኛ ዞር ብሎ አያያትም። የዚያ አገር ሰው ስለ ዝናብ ያማርራል፣ ስለ ጥንቸል ግን ይጣላል፤ በዊልፍ እጅ ላይ ብቻ ነበር ሁሉም የሚስማማው።

ዊልፍ ራሱ ያን እጁን ለዓመታት ሲሰልለው እንደኖረ ግን ማንም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ስኒው እስኪሞላ ይቀዳና አንስቶ ይይዘዋል። ላዩ እንዳይንቀጠቀጥ ያያል። ካልተንቀጠቀጠ ይጠጣል፣ ቀኑም ይጀመራል።

የአባቱ ጣቶች ያለ ፈቃዳቸው መዝለል የጀመሩት ሃምሳ ሳይሞላው ነበር። ከዚያ ክንዱ ቀጠለ፣ ከዚያ እግሩ። መንገድ ላይ ሲወላገድ ያየ ሁሉ ሰካራም አለው። መጨረሻ ላይ ዊልፍ ነበር የሚያጎርሰው፣ ሰውየው የልጁን ስም ረስቶ። ሲሞት ሐኪሙ ዊልፍን ለብቻው ጠርቶ በሽታው በደም እንደሚወርድ ነገረው። መድኃኒት የለውም፤ የያዘው ሰው ከሚወልዳቸው እያንዳንዱ ልጅ ወይ ይወርሰዋል ወይ ያመልጣል፣ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው። ዊልፍ ይህን ለሚስቱ ሳይነግራት ሞተች። አንዲት ልጁ ሄዘርም አያቷን መጠጥ የገደለው ይመስላታል። አሁን ሄዘር የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዊልፍ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ አምልጫለሁ፣ እንግዲህ ምን ብዬ አስጨንቃታለሁ ብሎ ነገሩን ቀብሮት ነበር።

በዚያ የጸደይ ወቅት ምርጧ እናት ጥንቸል ስድስት ወለደችለት። እሱ የሚያረባው ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ጥቁር የሆነውን ዘር ነው፤ ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበት መስመር እንደ ቀበቶ ቀጥ ማለት አለበት። ቀበቷቸው የተጣመመውን ሁለቱን ለጎረቤት ልጆች ሰጠ። ከቀሩት አራት ሁለቱን ለዘር ሊያስቀር ፈለገ። ጊዜ አልነበረውም። የአርቢዎች ማኅበሩ መለያ ቀለበት በኋላ እግራቸው መግባት ያለበት ቁርጭምጭሚታቸው ሳይወፍር ነው፤ ይህ ሳምንት ካለፈ አይገባም፣ ቀለበት የሌላት ደግሞ ውድድር ደጃፍ አትደርስም።

የመጀመሪያዋን አወጣና እጁን ጣል አደረገባት። ዘላ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰች። ሁለተኛይቱም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ጭራሽ ቧጨረችው። ሳምንቱን ሙሉ ሞከረ፤ አንዷም አልረጋ አለች። ዊልፍ በንዴት ጦፈ፣ ጥፋተኛውንም ለማግኘት ብዙ አልደከመም። አባታቸው ከጓደኛው ከሞሪስ የተዋሰው ወንድ ነበር። የድንጉጥ ዘር ነው የሰጠኝ ብሎ ለማኅበሩ ሰው ሁሉ አወራ። እሑድ ዕለት ሞሪስ ቆቡን ደፍቶ ከች አለ።

«የታል የተሰደበው ዘሬ?» አለ፣ የጥንቸሎቹ ቤት በር ላይ ቆሞ። ሰባ ዓመቱን የጨረሰ፣ ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው።

«ዘርህ ፈሪ ነው፣ ሞሪስ። አራቱም አንድ ላይ አብደዋል።»

«የኔ ጎረምሳ ውሻ መጥቶ ቢያሸተው እንቅልፉን አያቋርጥም። አንተ ምን አስነክተሃቸው ነው?»

«እንካ፣ ራስህ ሞክራት።»

ሞሪስ በዚያ ሻካራ እጁ አንዷን ተቀብሎ አስቀመጣት። ቁጭ አለች። ሁለተኛዋን ጨመረ፤ እሷም ቁጭ አለች። አራቱም ተራ በተራ ተቀመጡ፤ አንዷማ ፊቷን መታጠብ ጀመረች።

«በል እንግዲህ» አለ ሞሪስ እየሳቀ፣ «ይቅርታህን በቢራ ነው የምቀበለው።»

ዊልፍ አልሳቀም። ፊቷን የምትታጠበው ላይ እጁን ጣል አደረገ። ተፈናጥራ ስትወርድ ሞሪስ በሆዱ ተቀበላት። ቀና ሲል የዊልፍ እጅ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነበር። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ማንም ሳያዛቸው ብድግ ቁጭ ይላሉ። ዊልፍም አያቸው። ከፋሲካ ወዲህ ስኒውን እስከ ግማሽ ብቻ እንደሚቀዳ ያኔ ነው ትዝ ያለው። ለምን እንደሆነ ራሱን አንድም ቀን አልጠየቀም ነበር። ክው አለ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ከአባትህ ጋር አንድ ማሽን ላይ ሠርቻለሁ» አለ ሞሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሱም እጅ እንዲህ ነበር የጀመረው። ሰካራም ሲሉት እኔም አብሬ ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለልጅቱ ነግረሃታል?»

ዊልፍ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ሆዷ ገፍቷል እኮ፣ ዊልፍ።»

«አባዬ፣ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው» የሚል ድምፅ ከጓሮው መጣ። ሞሪስ ጥንቸሊቱን መለሰ፣ የዊልፍን ትከሻ አንዴ ጨበጠ፣ ሄዘርን በር ላይ ሰላም ብሎ ሹልክ አለ።

«ምን ነካው? የኔን ጥብስ ትቶ ሲሄድ አይቼው አላውቅም» አለች ሄዘር ጎንበስ ብላ እየገባች። «ተመረጡ ወይስ ገና ነህ?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው አስተምረኝ። ይኼ ልጅ ሲወለድ አያቴ ምን ያደርጋል ማለቱ አይቀርም። መጀመሪያ ምናቸውን ነው የምታየው?»

«ወላጆቻቸውን» አለ ዊልፍ፣ አፉ ቀድሞት። ለጀማሪ ሁሉ ሲለው የኖረው ነው። «መልካቸውንማ ማንም ያያል። ዋናው በደም የሚወርደው...»

የጥንቸሎቹን ሣጥን ተደገፈ። እስከዛሬ የፈራው ለራሱ ነበር፤ አሁን ልጁን ሆዷን ይዛ ከፊቱ ቆማ ሲያያት ያ ሁሉ ዓመት የፈራው ፍርሃት ቀላል ሆኖ ታየው።

«አባዬ? ምን ሆንክብኝ?»

እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ነገራት። ስለ አያቷ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ እኩል ለእኩሉ ነገራት። ፊቷን ለማየት ድፍረት አጥቶ ጣቶቹን እያየ ነበር የሚያወራው። እነሱም ሲያወራ አላረፉም።

ሄዘር አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ የሣጥኑን በር ከፈተችና አንዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገቻት። እጇን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጅራቷ አወረደችው፣ አባቷ ሲያደርግ እያየች እንዳደገችው። ጥንቸሊቱ ረጋ ብላ ተቀመጠች።

«አየህ?» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «አልተንቀሳቀሰችም። እጄ ደህና ነው ማለት ነው።»

ዊልፍ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«አባዬ፣ አንተ በኔ ዕድሜ ሳለህስ?»

ሊዋሻት ፈለገ። ግን አልሆነለትም።

«ያኔ ለኔም ሁሉም ይቀመጡልኝ ነበር» አላት።

ሄዘር እጇን ከጥንቸሊቱ ጀርባ ላይ ለማንሳት ፈራች።