ሊን መተርጎም ያቆመችበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ ዶራቪል ውስጥ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ስንኖር፣ የማመሸው ጎረቤታችን ሊን ቤት ነበር። እናቴ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ የማታ ሺፍት ስለምትሠራ፣ አባቴ ከዱሉዝ መጋዘን እስኪመለስ ድረስ ሌላ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ሊን ቻይናዊት ናት። ቀን ቀን ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ምግብ ቤት ጓዳ ትሠራለች፣ ማታ ደግሞ ባሏ ይተካታል። ያኔ ገና ጥርስ ማብቀል የጀመረ ወንድ ልጅ ነበራት።

የባሏ እናት ከቻይና ገጠር የመጡት ያንን ሕፃን ይዘው ሊመለሱ ነበር። በእነሱ ዘንድ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ እናትና አባት አሜሪካ ሲሠሩ ልጁ ለትምህርት እስኪደርስ አያቱ ጋ ያድጋል። ሻንጣው በሩ ጥግ ተከፍቶ ተቀምጧል። አያትየው የሕፃን ልብስ እያጣጠፉ ይጨምሩበታል፣ ሊን በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።

«ናይ ናይ» ነበር የምንላቸው፤ በቋንቋቸው የአባት እናት ማለት ነው። ሲመሽ የሳሎኑን አምፖል አጥፍተው ከምድጃው በላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ብቻ ይተዋሉ፣ የዝንጅብል ሾርባው እንፋሎት በዚያች ብርሃን ውስጥ ሲወጣ ጭስ ይመስላል፣ እሳቸውም ሊጥ እየቆነጠሩና እየዳመጡ ተረት ይጀምራሉ። ሊን ልጇን እያጠባች በእንግሊዝኛ ትተረጉምልኛለች።

ስለ ቀበሮም ይሁን ስለ ዘንዶ፣ ተረታቸው ሁሉ የሚነሳው ከአልጋ ላይ ነው። እሳቸው ያደጉበት አልጋ ከጡብ የተሠራ ሲሆን፣ የማብሰያው ምድጃ ሙቀትና ጭስ በሆዱ ውስጥ ያልፋል። ክረምት ላይ ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ ላይ ጎን ለጎን ይተኛና ፍሙ እስኪከስም አሮጊቶች ያወራሉ። እኔም ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ከሥሬ የሚሞቀኝ ይመስለኝ ነበር። ሊን ግን መሃል ላይ ትገባለች፤ «እሳቸውን አትስሚ፣ አሁን እኮ እዚያም ሰው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ስልክሽን ነካ ካደረግሽ ምግብ በርሽ ድረስ ይመጣል።»

የሚጣሉት በልጁ ሱሪ ነበር። ናይ ናይ ከመሃሉ የተሰነጠቀ ሱሪ ሰፍተው አለበሱት፤ ሽንቱ ሲመጣበት ቁጢጥ ያደርጉትና በከንፈራቸው «ሽ... ሽ...» ይሉለታል።

«ምንጣፉ! አከራዮቹ ቻርጅ ያደርጉናል እኮ!» ትጮሃለች ሊን፣ ዳይፐሩን ይዛ። ናይ ናይ ቀና እንኳ ሳይሉ አንድ ነገር መለሱላት።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«በፕላስቲክ ታስሮ ያደገ ልጅ እግሩ ይወላገዳል አሉ።»

እኔን ልታደርስ የመጣችው እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እማማ እውነታቸውን ነው! አንቺስ በምን ያደግሽ መስሎሻል?» አለችኝ በአማርኛ። ናይ ናይ ቃሉ ባይገባቸውም ማን እንደደገፋቸው ገብቷቸው አብረው ሳቁ።

ጉዞው ሲቃረብ ሊን ልጁን ዴይኬር ብታስገባው እንደሚሻል አፏን ሞልታ ተናገረች። ናይ ናይ አልተቆጡም። በዚያ ምሽት ሊጣቸውን እየዳመጡ፣ ከተረት ይልቅ በመንደራቸው ስላለች አንዲት ልጅ አወሩ። ወጣቱ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ከተማ ከሄደ ወዲህ መንደሩ የአሮጊት፣ የሽማግሌና የሕፃን ሆኗል፤ በሚላከው ገንዘብ ቤቱ ሁሉ አምሯል፣ የሚኖርበት ሰው ግን የለም። ያቺን ልጅም ያሳደገቻት አያቷ ናት፣ እንዴት ያለች ጤነኛ፣ እንዴት ያለች ታዛዥ! ለአዲስ ዓመት እናቷ አዲስ ጫማ ይዛላት ስትመጣ፣ ልጅቷ ሮጣ አያቷ ጀርባ ተደበቀች። «እናትሽ እኮ ናት» ቢሏት ስልኩን አንስታ አሳየቻቸው፤ «እናቴ እዚህ ውስጥ ናት።»

ናይ ናይ እስከዚህ ድረስ እየሳቁ ነበር። ሊን ይህችን ተረጎመችልኝ። እሳቸው ቀጠሉ፣ እሷ ግን መተርጎሟን አቆመች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ የለም።»

ናይ ናይ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። እጃቸው ከሊጡ ላይ ሳይነሳ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጥቂት ቃላት ጨመሩ። ሊን አንገቷን ወደ ልጇ እንደደፋች ነገረችኝ፤ «እናትየዋ በዚያ ሌሊት ከአልጋው ዳር ብቻዋን ተኛች አሉ።»

በማግስቱ ስመጣ የሕፃኑ ልብስ በሙሉ ከሻንጣው ወጥቶ፣ እንደታጠፈ ሊን አልጋ ላይ ተደርድሮ ነበር። ያወጡት ናይ ናይ ራሳቸው ናቸው። ብቻቸውን ወደ ቻይና ተመለሱ። ሊን ልጁን ዴይኬር አስገባች፤ ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደደከማት ነበር፣ ናይ ናይ ስለ ዳይፐሩ የተናገሩትም እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔም ትምህርቴን ሳልጨርስ እናት ሆንኩ። አዳማ ያለችው አክስቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ «ልጅሽን ላኪልኝና እኔ ላሳድግልሽ፣ አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ፤ ልጅ እዚህ እኮ በሰው መሃል ነው የሚያድገው።» ከልቧ ነው፣ ያለችውም ውሸት የለውም። ደክሞኝ በመጣሁ ቀን እሺ ልላት ትንሽ ነው የሚቀረኝ።

ከቀበሮውና ከዘንዶው ተረት የማስታውሰው ጥቂት ነው። አብሮኝ የኖረው የናይ ናይ ፊት ነው። ያንን ታሪክ ያመጡት ሊንን ለማሳመን ነበር፣ ሲያወሩት ግን ራሳቸው ሰሙት፤ አንድም ሰው ሳይከራከራቸው።

ስለዚህ አክስቴን አልከራከራትም። እሷም ያደገችው አያቷ ጋ ነው። ባለፈው እሁድ፣ «እስቲ አክስቴ፣ እናትሽን እናቴ ናት ብለሽ ያወቅሻት ስንት ዓመት ሲሆንሽ ነው?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ስለ ልጅነቷ ማውራት ጀመረች።